ልዑል ዓለማየሁ፦ 11 ገና በሰው አገር

በዚህ ሴሚስተር መምህራችን የሰጡን የቤት ሥራ፣ ከታሪክ አንድ ስመ ጥር ሰው መርጠን ሕይወቱን በራሳችን አነጋገር እንድንተርክ ነበር። ከመጽሐፍ መገልበጥ ክልክል፤ የሰው ንግግር በትእምርተ ጥቅስ እያስገቡ ገጽ መሙላትም ክልክል። የክፍላችን ልጆች ገሚሱ አፄ ቴዎድሮስን፣ ገሚሱ እቴጌ ጣይቱን፣ የቀረው በላይ ዘለቀን መረጠ። እኔ ግን የቴዎድሮስን ልጅ መረጥኩ። ለምን መረጥከው ብትሉኝ ምክንያቱ አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

እኔ ተወልጄ ያደግኩት ጥሊሊ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ቡሬን አልፎ እንጅባራ ከመድረሱ በፊት የሚያገኛት ብርዳም ከተማ ናት፤ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማም ናት። ገና ሲደርስ በእኛ ሰፈር ወንዶቹ ሜዳ ወጥተው ሩሯን በቆልማማ ዱላ ሲያሳድዱ ይውላሉ። የዳቦው ሽታ ከየቤቱ ይወጣል። ገና ሲያልፍ ጥምቀት ይተካል፤ ጥምቀት ሲያልፍ ደግሞ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። ስለዚህ ለእኛ ለአዊ ልጆች ገና የአንድ ቀን በዓል ብቻ አይደለም፤ የደስታው ወር በር ነው።

ታላቅ እህቴ ቤይሩት በሰው ቤት ሥራ ከገባች ሰባተኛ ዓመቷን ይዛለች። እዚያ ገና የሚከበረው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ነው። ያን ቀን እንግዳ ስታስተናግድ፣ ሳህን ስታጥብ ውላ ታመሻለች። ከ13 ቀን በኋላ የእኛ ገና ሲመጣ ለዚያ ቤት ተራ የሥራ ቀን ነው። ሥራዋን ጨርሳ፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ትደውልልናለች። ባለፈው ገና ስትደውል ስልኩን ለአያታችን ሰጠኋት። አያታችን ከአማርኛ ይልቅ አገውኛ ነው የሚቀናት። እህቴ በአገውኛ እንኳን አደረሰሽ ብላ ጀመረች፤ መሀል ላይ ግን ቃሉ ጠፋባት። ዝም አለች። በአማርኛ ልትቀጥል ስትሞክር ደግሞ ለቅሶው ቀደማት። አያቴ ስልኩን መለሰችልኝና ልጅቷ ምን ነካት ብላ ጠየቀችኝ። ኔትወርኩ ነው አልኳት። ዋሸሁ።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ሳነብ፣ ከአያቱ የተላከለትን ደብዳቤ ማንበብ የማይችል ልጅ እንደነበረ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው መምረጥ አልቻልኩም።

ዓለማየሁ የተወለደው በሚያዝያ ወር 1853 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ነው። አባቱ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው። እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው አሰሯቸው፤ ውቤ ባሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ዘውድ ጫኑ። በኋላ የእስረኛቸውን ልጅ አገቡ። እንግዲህ ዓለማየሁ ገና ሳይወለድ አባቱ አያቱን ያሰረ ልጅ ነበር ማለት ነው። የወላጆቹም ትዳር የሞቀ እንዳልነበረ ታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ንጉሡንና እቴጌይቱን አንቱ እላለሁ። ዓለማየሁን ግን ዕድሜውን ሳስበው አንቱ ማለት አልሆነልኝም። ከኔ ታናሽ ሆኖ ነው የሞተው።)

ልጁ በአገሩ ያሳለፈው የመጨረሻ ገና የ1860 ዓ.ም. ነው። ያኔ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። አባቱ በዚያ ገና ቤት አልነበሩም፤ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የሚባለውን ግዙፍ መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ይጓዙ ነበር። ገደል እየናዱ፣ መንገድ እየጠረጉ ወራት ፈጀባቸው። በሌላ በኩል ደግሞ የጄኔራል ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ተነስቶ ወደዚያው ወደ መቅደላ ይመጣ ነበር። የጠቡ መነሻ የታወቀ ነው። ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ንጉሡም ተቆጥተው የእንግሊዝን ቆንስላ ካሜሩንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ልብ በሉ፣ የዚህ ልጅ መከራ የጀመረው መልስ ባጣ ደብዳቤ ነው፤ ወደፊት እንደምናየውም ሌላ ደብዳቤ ይጠብቀዋል።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 5 ዋለ። በማግስቱ ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች መቅደላን ሰብረው ገቡ፤ ቴዎድሮስም እጅ አልሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ራሳቸውን ሰዉ። ሽጉጡ ቀደም ሲል ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላኩላቸው ነበር። ወታደሩ ምሽጉን ዘረፈ። ብራናው፣ ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ታቦቱ ሳይቀር ተጭኖ ሄደ፤ ለጭነቱ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ከዚያ ሁሉ ጭነት ጋር እናትና ልጅም ወደ ባሕር ጉዞ ጀመሩ።

እቴጌ ጥሩወርቅ ታመው ነበር። ባሕሩን ሳያዩ ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ መንገድ ላይ አረፉ፤ ጨለቆት ተቀበሩ። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ በ32 ቀን ውስጥ አባትም እናትም አጣ። በዚያ ዕድሜዬ እኔ ጥሊሊ ውስጥ ከሰፈር ልጆች ጋር ጭቃ ሳቦካ ነበር የምውለው። እናቴ ገበያ ሄዳ ስትዘገይ እንኳን ደጃፍ ላይ ቆሜ አለቅስ ነበር።

እንግሊዞች ልጁን የወሰድነው የአባቱ ፈቃድ ስለነበረ ነው፣ እዚያው ብንተወው የአባቱ ጠላቶች ይገድሉት ነበር ይላሉ። ይህ አባባል ጭራሽ ውሸት ነው ለማለት አልደፍርም፤ በጊዜው አገሩ በባላንጣ ተከፋፍሎ ነበርና። ነገር ግን የእናቱ ወገኖች በሕይወት ነበሩ፤ አያቱ ነበረች። ልጁን ማንም ምን ትፈልጋለህ ብሎ አልጠየቀውም።

እንዲጠብቀው የተመደበው ካፒቴን ስፒዲ የተባለ መኮንን ነበር። ይህ ሰው በቁመቱ የታወቀ፣ ጺማም፣ ቀደም ብሎ በቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው ነው። እኛ አገር ባሻ ፈለቀ በሚል ስም ይታወቃል። እናቱ ከሞቱ በኋላ ዓለማየሁ ከዚህ ሰው አልለይም አለ። ሌሊት ብቻውን መተኛት ይፈራ ስለነበር ከእሱ አጠገብ ነበር የሚተኛው። በዚያ ሁሉ ባዕድ መካከል የእናቱን ቋንቋ የሚሰማው ከዚህ ሰው አፍ ነበርና አይፈረድበትም።

ሐምሌ 1860 ዓ.ም. እንግሊዝ ደረሱ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ኦዝቦርን በተባለው ቤታቸው ተቀበሉት፤ ወደዱትም። በዚያው ደሴት የምትኖረው ታዋቂዋ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሩን ከስፒዲ ጋር ፎቶ አነሳችው። ፎቶዎቹ ዛሬም አሉ። ስፒዲ የሐበሻ ልብስ ለብሶ፣ ልጁም የአገሩን ልብስ ለብሶ ይታያል። ፎቶውን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ዓይኖቹን ነው። ፈገግታ የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ገናው ልመለስ። ዓለማየሁ ከ1868 እስከ 1878 እ.ኤ.አ. ድረስ 11 ጊዜ ገናን ከአገሩ ውጭ አሳልፏል። ያረፈበት አገርና ያረፈበት ቤት ደግሞ ገናን እንደ ዋዛ የሚያይ አይደለም። የገናን ዛፍ በእንግሊዝ ሕዝብ ዘንድ በሰፊው ያስለመዱት ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ናቸው ይባላል። ሻማው፣ ስጦታው፣ መዝሙሩ ሁሉ አለ። ታዲያ ምን ጎደለው ትሉ ይሆናል። ልጁ ክርስቲያን፣ አሳዳጊዎቹ ክርስቲያን፣ በዓሉም የክርስቶስ ልደት ነው።

የጎደለው 12 ቀን ነው። ዛሬ በእኛና በፈረንጆቹ ገና መካከል 13 ቀን አለ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ልዩነቱ 12 ቀን ነበር። ዲሴምበር 25 ካለፈ በኋላ ዛፉ ሲነሳ፣ ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ጃንዋሪ 6 ላይ የእኛ ታኅሣሥ 29 ይመጣል። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ያንን ቀን የሚቆጥር የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ሌሊቱን የሚያሸበሽብ ካህን አልነበረም፤ ጾሙ ተፈታ ብሎ የሚያጎርስ ዘመድ አልነበረም። እህቴ ቤይሩት ሆና ሁለተኛውን ገና የምታውቀው እኛ ስለምንጠብቃት ነው። ስልኩን የሚያነሳ ሰው ባይኖራት ያ ቀን ለእሷም ተራ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሆኖ ያልፍ ነበር። ለዓለማየሁ ግን ያኔ ስልክ የለ፣ ማን ይጥራው?

ቢያንስ ስፒዲ አጠገቡ እስካለ ድረስ አማርኛው አብሮት ነበር። ስፒዲ ሚስት ካገባ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1869 ወደ ሕንድ ለፖሊስ ሥራ ሲሄድ ልጁንም ይዞት ሄደ፤ ሲታፑር በሚባል ቦታ ኖሩ። ቀጥሎም ስፒዲ ወደ ፔናንግ ተዛወረ። በዚህ መሀል የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ በወጉ መማር አለበት፣ ወደ እንግሊዝ ይመለስ ብሎ ወሰነ። ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው ልጁ ከስፒዲ መለየቱን አልወደዱትም ነበር፤ ቢሆንም ውሳኔው ጸና። ልጁ በጣም አዘነ። አባቱን በጦርነት፣ እናቱን በሕመም አጥቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሦስተኛውን ሰው በመንግሥት ደብዳቤ አጣ።

ከዚያ በኋላ ያደገው በቼልተንሃም ኮሌጅ ርእሰ መምህር በዶክተር ጄክስ-ብሌክ ቤት ነው። ቤተሰቡ ደግ ቤተሰብ እንደነበረ ይነገራል። ርእሰ መምህሩ እ.ኤ.አ. በ1874 ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ ዓለማየሁም አብሯቸው ሄደ። በኳስ ጨዋታ ጎበዝ ነበር፤ ትምህርቱ ግን አልያዘለትም። ለነገሩ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ አገር፣ ቤትና አሳዳጊ የሚቀያየርበት ልጅ ላቲን እንዴት ይግባው? ሰዎች በመልኬ ምክንያት ያፈጡብኛል ብሎም ይሳቀቅ ነበር፤ ይህንን ንግሥቲቱ ራሳቸው በዕለት ማስታወሻቸው አንስተውታል።

የአያቱ ደብዳቤ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የእናቱ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ ልጇም ሞታባት፣ የልጅ ልጇም ተወስዶባት ቀርታ ነበር። ሆኖም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ለንግሥት ቪክቶሪያም ለልጁም ደብዳቤ አስጽፋ ላከች። በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ መላክ ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቡት። ጸሐፊ መፈለግ አለ፤ መልእክተኛ ማግኘት አለ፤ ከዚያ በረሃና ባሕር አለ። ደብዳቤው ያንን ሁሉ ተሻግሮ ሲደርስ ግን ልጁ ጋ ያለው በር ተዘግቶ ነበር። ዓለማየሁ አማርኛ ረስቷል። አያቱ በእጁ ደርሳ፣ በጆሮው ልትደርስ አልቻለችም።

እዚህ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ እንደነበር አልደብቃችሁም። ዓለማየሁ አገሩን ያጣው መርከብ ላይ የወጣ ቀን ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ስፒዲ አብሮት እያለ እኮ ከአገሩ ያው በሺሕ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር፤ ግን ስለ እናቱ የሚነግረው፣ በእናቱ ቋንቋ የሚቆጣውና የሚያባብለው ሰው ነበረው። አገሩን ያጣው ያንን ድምፅ ያጣ ቀን ነው። ርቀት ብቻውን ሰውን ከቤቱ አይነቅለውም። የሚነቅለው የሚጠራው ሰው ሲጠፋ፣ ሲጠራም መስማት ሲሳነው ነው።

ነገሩን በሌላ ስደተኛ ለክታችሁ እዩት። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣልያን ወረራ በኋላ ከ1936 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ኖረዋል። ያው እንግሊዝ ነው፤ ያው ብርድ ነው። ግን ቤተሰባቸው አብሯቸው ነበር፣ ሹማምንታቸው አብረዋቸው ነበሩ፣ በቤታቸውም በራሳቸው ሥርዓት ይጸለይ ነበር። ኀዘኑ ከባድ ቢሆንም ኀዘኑን በአማርኛ ያዝኑ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1938 እዚያው ሲያርፉ የሚያለቅስላቸው ወገን ነበራቸው። ዓለማየሁ ይህ አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ1878 ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። አልተስማማውም፤ ዓመት ሳይሞላው ወጣ። በነዚህ ዓመታት ወደ አገሩ መመለስ እንደሚፈልግ ገልጾ ነበር። ጥያቄው ከባለሥልጣን ባለሥልጣን ተመላልሶ ውድቅ ሆነ። ስለ እሱ የሚጻጻፉት ሰዎች ብዙ ነበሩ። ትምህርቱን፣ ወጪውን፣ የወደፊት ሥራውን ሁሉ ተነጋግረውበታል። ይህ ልጅ ማንን ናፍቆ ነው የሚያዝነው የሚለውን ግን በጀት የሚይዝለት መሥሪያ ቤት አልነበረም።

በመጨረሻ በሊድስ ከተማ ሄዲንግሌይ በሚባል ሰፈር፣ ቀድሞ ራግቢ ላይ ያስተማረው ሲሪል ራንሰም ቤት ሆኖ እንዲማር ተደረገ። እዚያ በሳምባ ሕመም ተያዘ። በሕመሙ መሀል መርዝ ሰጥተውኛል ብሎ ሕክምና እምቢ ያለበት ጊዜ ነበር። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን የሚገርም አይደለም። በሕይወቱ ሁሉ ስለ እሱ የሚወስኑት የማይወለዱት ሰዎች ናቸው፤ ሲታመም እምነት ከየት ይምጣ? እኛ አገር ሰው ሲታመም አጥሚቱን መጀመሪያ እናት ናት የምትቀምሰው።

ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. (ኖቬምበር 14 ቀን 1879) ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ ሞተ። የገና ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። 12ኛውን ገና አላየም።

ንግሥት ቪክቶሪያ ደንግጠው በዕለት ማስታወሻቸው ላይ ስለ ልጁ ጽፈዋል። ብቻውን በባዕድ አገር አንድ እንኳን የሥጋ ዘመድ ሳይኖረው መሞቱ እንዳሳዘናቸው፣ ደስተኛ ሕይወት እንዳልኖረ አስፍረዋል። ዊንድዘር በሚገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት እንዲቀበርም አዘዙ። ቀብሩ የተፈጸመው ኖቬምበር 21 ነበር። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ኅዳር 12 ሆነ፤ ኅዳር ሚካኤል! በዚያን ዕለት በአገሩ ታቦት ወጥቶ፣ እልልታው ቀልጦ፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ይውላል። እሱ ደግሞ ዊንድዘር ውስጥ ይቀበራል። ከቀባሪዎቹ መካከል መቅደላን የሰበሩት ጄኔራል ናፒየር ነበሩ፤ ስፒዲም ነበር። እንደኔ እንደኔ በዚያ ቀብር ላይ ስሙን አስተካክሎ የሚጠራው ባሻ ፈለቀ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የዓለማየሁ ታሪክ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ዕድሉ ነው ብለን ባለፍነው። ነገር ግን ከመቅደላ የተወሰደ ሌላ ልጅም ነበር፤ ስሙ ወርቅነህ እሸቴ ይባላል። ዕድሜው ሦስት አራት ዓመት ቢሆን ነው። ከወላጆቹ ተለይቶ የተገኘውን ይህን ሕፃን አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው። ቻርልስ ማርቲን የሚል ስም ወጣለት፤ ተምሮ ሐኪም ሆነ። እሱም እንደ ዓለማየሁ አማርኛውን ረሳ። ከዐድዋ ድል በኋላ ግን አገሩን ፍለጋ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ አያቱ ልጄ ነው ብላ ቀረበች፤ በልጅነቱ ሰውነቱ ላይ የቀረውን ጠባሳ አይታም ለየችው። 30 ዓመት ገደማ ያለፈበት ሰው፣ በስሙ ሳይሆን በቋንቋው ሳይሆን በጠባሳው ታወቀ። ሐኪም ወርቅነህ ከዚያ በኋላ አገራቸውን በሕክምናም፣ በትምህርትም፣ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ በመሆንም አገለገሉ፤ በ1945 ዓ.ም. ገደማ በአገራቸው አርፈው ተቀበሩ። (አሁን አንቱ አልኳቸው። አድገው፣ ሸምግለው፣ አገራቸው ገብተዋላ!)

ሁለቱን ሳነጻጽር ልዩነቱ አያት አይደለም። ሁለቱም የምትፈልጋቸው አያት ነበረቻቸው። ሁለቱም ቋንቋቸውን ረስተዋል። ልዩነቱ አንደኛው ተመልሶ ዓይን ለዓይን ለመተያየት በቃ፤ ሌላኛው ሊመለስ ቢፈልግም አልተፈቀደለትም። ስለዚህ ቋንቋ መርሳት ብቻውን የመጨረሻው ሞት አይደለም ማለት ነው። የሚያውቅህ ሰው በሕይወት እስካለና መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ መመለሻ አለ። ወይዘሮ ላቂያዬ መንገዱ ክፍት ቢሆንላት የልጅ ልጇን በምን ምልክት ትለየው እንደነበር ሳስብ ሆዴ ይባባል።

የዓለማየሁ አፅም ዛሬም ዊንድዘር ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በስሙ ተጨማሪ የመታሰቢያ ጽሑፍ እንዲቀመጥለት አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2007፣ በእኛ ሚሌኒየም ዋዜማ፣ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አፅሙ እንዲመለስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጥያቄ አቅርበው ነበር። በ2023 ጥያቄው እንደገና ሲነሳ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት መልስ፣ በአካባቢው የተቀበሩ ሌሎች ብዙ ሰዎችን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ሆነ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ግን በስፒዲ ቤተሰብ ዘንድ ሲጠበቅ የኖረ የልዑሉ ጥቂት ፀጉር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። የአባቱ ፀጉርም በ2019 ከእንግሊዝ ሙዚየም ተመልሷል። እንግዲህ እስካሁን ከአባትና ከልጅ የተመለሰልን ፀጉራቸው ነው። ትንሽ ነው አትበሉ። ለወይዘሮ ላቂያዬ ቢደርሳት ኖሮ በአንገቷ አስራው ትዞር ነበር።

ጽሑፌን ከመጨረሴ በፊት የጀመርኩትን ውሸት ላስተካክል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለዕረፍት ጥሊሊ ስሄድ ለአያቴ እውነቱን ነገርኳት። ኔትወርኩ አልነበረም፣ እህቴ ቃሉ ጠፍቷት ነው ያለቀሰችው አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጣችም። ታዲያ ለምን በዓል እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ ብላ እኔኑ ወቀሰችኝ። ልጅ አፉን የፈታው በዓመት አንድ ቀን እየተነጋገረ ነው ወይ አለችኝ። እውነቷን ነው።

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ አያቴ ስለ ቤቱ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤቱ በአገውኛ ስታወራ በስልኬ ድምፅዋን ቀድቼ ለእህቴ እልካለሁ። እህቴ ማታ ሥራዋን ጨርሳ ትሰማዋለች። መጀመሪያ ላይ በአማርኛ ነበር የምትመልሰው። አሁን አሁን ሁለት ሦስት የአገውኛ ቃል ጣል ታደርጋለች። አያቴ የተሳሳተውን ቃል ስትሰማ ትስቃለች፤ ስቃም ደግማ ታርመዋለች። እኔም ሳልወድ በግዴ እየተማርኩ ነው።

የዘንድሮው ገና ገና አልደረሰም። ሲደርስ እህቴ ሁሉም ከተኛ በኋላ መደወሏ አይቀርም። ስልኩን በቀጥታ ለአያቴ ነው የምሰጣት። ምናልባት ዘንድሮም ታለቅስ ይሆናል። ግን ዘንድሮ ብታለቅስ አያቴ ምን ነካት ብላ እኔን አትጠይቀኝም፤ ራሷን እህቴን ትጠይቃታለች።

እናንተም ሰው አገር ያለ ወገን ካላችሁ በዓል አትጠብቁ። ደውሉ!